ሐምሌ 7ን በፈረንሳይ፦ ፓሪስ፣ ካርካሶን ወይስ አንዲት ትንሽ መንደር?

የፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል ጁላይ 14 ነው። በእኛ ሐምሌ 7፣ የሥላሴ ንግሥ የሚውልበት ቀን። አዲስ አበባ ላይ ያ ዕለት ዝናብ፣ ጃንጥላና ጭቃ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ግን በጋው የሚደምቅበት ሳምንት ነው። ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አትጠልቅም። ተማሪዎች ዕረፍት ከወጡ ገና ጥቂት ቀን ቢሆናቸው ነው፤ ከተሜው ሻንጣውን ጭኖ ወደ ገጠር የሚነዳበት ሰሞን ነው።

በዚያ ሰሞን ፈረንሳይ የሚሄዱ ወዳጆቼ ሁሌ "በዓሉን የት ብንውል ይሻላል?" ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። "ማየት ነው የምትፈልጉት ወይስ መቀመጥ?" ማየት ከሆነ ፓሪስ ሂዱ። ማዕድ ላይ መቀመጥ፣ ከሰው ጋር መብላት፣ "ከየት ነው የመጣችሁት?" የሚል ጎረቤት ማግኘት ከሆነ መንደር ሂዱ። በመካከል ደግሞ እንደ ካርካሶን ያሉ ከተሞች አሉ። ሦስቱንም አይቻቸዋለሁ። እኔ ለመንደር አደላለሁ፤ ይህን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ግን መንደር ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ሰዓቱን በእኛ፣ ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ስሙ

ፈረንሳዮች "የባስቲል ቀን" አይሉም። ያ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ያወጡለት ስም ነው። እነሱ "ካቶርዝ ዡዪዬ" ይላሉ። ጁላይ 14 ማለት ነው፣ በቃ። እኛ "የካቲት 12" ወይም "ሚያዝያ 27" እንደምንለው፣ ቀኑ ራሱ ስም ሆኗል።

ከቀኑ ጀርባ ሁለት ታሪኮች አሉ። በ1789 የፓሪስ ሕዝብ ባስቲል የሚባለውን ምሽግና እስር ቤት ሰብሮ ገባ። ልክ በዓመቱ፣ በ1790 በተመሳሳይ ቀን፣ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበ ሕዝብ በሻን ደ ማርስ ሜዳ ላይ የአንድነት በዓል አደረገ፤ ንጉሡም እዚያው መሐላ ገባ። ቀኑን ብሔራዊ በዓል ያደረገው ሕግ የወጣው በ1880 ነው። ሕጉ "ጁላይ 14" ይላል እንጂ የየትኛው ዓመት እንደሆነ አይናገርም። አብዮቱን የሚወድ 1789ን ይይዛል፤ ደም መፋሰሱ የሚከብደው 1790ን። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ከንቲባው ሲናገር ሁለቱንም ቢያነሳ ግራ አይገባችሁም።

ፓሪስ ለዓይን ነው

ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ በሻንዜሊዜ ጎዳና ወታደራዊው ሰልፍ ይጀምራል። ፓትሩይ ደ ፍራንስ የሚባለው የአየር ኃይሉ ትርኢት ቡድን ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ ጭስ እየለቀቀ በላያችሁ ያልፋል። ከዚያ እግረኛው፣ ፈረሰኛው፣ ብረት ለበሱ ይቀጥላል። እኔ የምጠብቀው ሌዥዮን ኤትራንዤርን ነው፤ የውጭ ዜጎች የሚያገለግሉበትን ጦር። ሌላው ሠራዊት በደቂቃ 120 እርምጃ ሲራመድ እነሱ 88 ብቻ ነው የሚራመዱት። ከፊት የሚሄዱት ጢማቸውን ያሳደጉ፣ የቆዳ ሽርጥ ያሸረጡ፣ መጥረቢያ በትከሻቸው የያዙ ናቸው። ያ ዝግ ያለ እርምጃ አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ በቴሌቪዥን አይገኝም።

ዋጋው ግን አለ። አጥሩ ጋ ለመቆም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት እዚያ መገኘት ነው። ፍተሻ አለ። ትልቅ ቦርሳ ችግር ያመጣል። በ2016 በዚሁ በዓል ማታ ኒስ ከተማ በደረሰው ጥቃት 86 ሰዎች ሞተዋል፤ በትልልቅ ከተሞች ያለው ጥበቃ የጠበቀ መሆኑ አያስገርምም። ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚያየው የሌላውን ሰው ማጅራት ነው። ልጅ ይዞ ሦስት ሰዓት መቆም ደግሞ ከባድ ነው፤ ውኃ፣ ባርኔጣና የሚቀመሱ ነገሮች ሳትይዙ እንዳትወጡ።

ማታ 5 ሰዓት ላይ ኤፍል ማማ ጋ ርችቱ ይተኮሳል። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ርችት ሌላ ቦታ አላየሁም። ግን በአካባቢው ያሉት የሜትሮ ጣቢያዎች ይዘጋሉ፤ ሲያልቅ ረጅም መንገድ በእግር ነው። አረጋዊ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ ከማማው ሥር ያለው ሜዳ ላይ አትግቡ። ራቅ ካለ ድልድይ ወይም ከፍ ካለ ሰፈር ሆናችሁ እዩ።

ፓሪስ ላይ መንደር መንደር የሚሸት አንድ ነገር ቢኖር የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭፈራ ነው። "ባል ዴ ፖምፒዬ" ይሉታል። በ13ና በ14 ማታ ጣቢያዎቻቸውን ለሕዝብ ይከፍታሉ። መኪኖቹ ከግቢው ይወጣሉ፣ መድረክ ይተከላል፣ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይጨፈራል። መግቢያ የሚያስከፍሉ አሉ፤ በር ላይ በርሜል አስቀምጠው የቻላችሁትን እንድትጥሉ የሚጠይቁም አሉ። ሁሉም ጣቢያ ሁለቱንም ማታ አይከፍትም፤ ዝርዝሩን ቀድሞ ማየት ነው። ሰልፉም ረጅም ስለሚሆን በጊዜ ሂዱ።

ካርካሶን፣ ለአንድ ማታ

ካርካሶን በደቡብ ፈረንሳይ በግንብ የታጠረች የመካከለኛው ዘመን ከተማ ናት። ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ግንቡ ላይ ርችት ይተኮሳል፤ ልማዱ ከ1898 ጀምሮ ነው። አንድ ቅጽበት ላይ መላው ግንብ በቀይ ብርሃንና በጭስ ይሞላና የሚቃጠል ይመስላል። "አምብራዝማን" ይሉታል፤ በእሳት መያያዝ እንደማለት ነው። ከግንቡ ውስጥ ሆናችሁ አታዩትም። ከኦድ ወንዝ ዳር፣ ከውጭ ነው የሚታየው።

ነዋሪዋ 50 ሺህ የማይሞላ ከተማ በዚያች ማታ በብዙ መቶ ሺህ ሰው ትጥለቀለቃለች። ሆቴል ከወራት በፊት ያልያዘ ሰው ሌላ ከተማ አድሮ በባቡር ወይም በመኪና መምጣት አለበት፤ መውጫው ላይ ደግሞ መንገዱ ይታፈናል። ፎቶ ለሚወድ ሰው ወደር የለውም። ከሰው ጋር ለመተዋወቅ ግን አይሆንም፤ ሁሉም እንደናንተው መንገደኛ ነው። ስለ ካርካሶን ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

መንደሩ

ፈረንሳይ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ኮሚዩኖች አሏት፤ ኮሚዩን እንደኛ ቀበሌ ያለ ትንሹ የአስተዳደር ክፍል ነው። ግማሽ ያህሎቹ 500 ነዋሪ እንኳ የላቸውም። ግን እያንዳንዷ የራሷ ከንቲባ አላት። በሯ ላይ "ነፃነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት" የተጻፈበት ማዘጋጃ ቤት አላት፤ "ሜሪ" ይሉታል። የጦርነት ሙታን መታሰቢያ ሐውልትም አላት። የካቶርዝ ዡዪዬ መንደር እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለ አደባባይ ነው።

እኔ ቡርጎኝ በሚባለው ክልል ውስጥ ባለች አንዲት መንደር ነበርኩ። ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ሐውልቱ ጋ አርባ የማንሞላ ሰዎች ተሰበሰብን። ከንቲባው ባለሦስት ቀለሙን መቀነት በትከሻው አጥልቆ መጣ። አምስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቆባቸውን አድርገው ተሰለፉ። እነዚህ ደመወዝተኞች አይደሉም። በፈረንሳይ ከአምስት እሳት አደጋ ሠራተኞች አራቱ ገደማ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ጠዋት ዳቦ የሸጠልኝ እሱ ነው።

ሐውልቱ ላይ በ1914 እና በ1918 መካከል የሞቱት የመንደሩ ልጆች ስም ተቀርጿል። ቆጠርኩት፤ 23 ነው። አራቱ አንድ የቤተሰብ ስም ነው ያላቸው። ዛሬ መንደሩ ላይ የሚኖረው ሰው 200 አይሞላም። የአበባ ጉንጉን ተቀመጠ፣ አንድ ደቂቃ ዝም ተባለ። ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ብሔራዊ መዝሙራቸው ማርሴዬዝ ተለቀቀ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት አሮጊት ከማጉያው ቀድመው ይዘምሩ ነበር። እጃቸው የሐውልቱን አጥር ይዞ ነበር። ሻንዜሊዜ ላይ ያየሁት ጦር ሁሉ ይህን ያህል አልነካኝም።

ከዚያ ከንቲባው ሁላችንንም ወደ ሜሪው አዳራሽ ጠራን። "ቫን ዶነር" ይባላል፤ የክብር መጠጥ ነው። ብዙ ጊዜ ነፃ ነው፤ የሚከፍለው ኮሚዩኑ ነው። ቡርጎኝ ላይ የሚቀርበው ኪር ነው፣ ነጭ ወይን ካሲስ ከሚባል ጥቁር ፍሬ ከሚሠራ ሽሮፕ መሰል ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ ጋር። ስሙ የዲዦን ከተማ ከንቲባ ከነበሩት ከቄስ ፌሊክስ ኪር የመጣ ነው። አልኮል የማይጠጣ ጭማቂ ይቀርብለታል። እንግዳ ነኝ ብላችሁ በር ላይ አትቁሙ። ጥሪው አደባባዩ ላይ ለቆመው ሁሉ ነው።

ማታው ሌላ ነገር ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ረጃጅም ጠረጴዛዎችና አግዳሚዎች ከአንድ መጋዘን ይወጣሉ። የሚያወጣቸው "ኮሚቴ ዴ ፌት" ነው፤ የመንደሩ የበዓል ኮሚቴ። ስመለከታቸው የእኛ እድር ነው ትዝ ያለኝ። ድንኳኑ የጋራ፣ ድስቱ የጋራ፣ አግዳሚው ላይ በቀለም የተጻፈ የመንደሩ ስም። ሽማግሌው ያዛል፣ ወጣቱ ይሸከማል። ሴቶቹም ወንዶቹም ሽንኩርት ይከትፋሉ። መጠጥ የሚሸጥበት ቡቬት አለ። የሚገኘው ትርፍ ለሚቀጥለው ዓመት በዓል ይቀመጣል። ስለዚህ ቡቬቱ ላይ ሁለተኛ ሎሚናት ስትገዙ የሚቀጥለውን ዓመት ርችት እየደገፋችሁ ነው።

ሲመሽ ለልጆቹ ፋኖስ ይታደላል። ላምፒዮን ይሉታል። እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ የወረቀት ፋኖስ ነው፤ በቀጭን ዱላ ጫፍ ይንጠለጠላል፤ ውስጡ ሻማ አለ። አሁን አሁን በባትሪ የሚሠራውን የሚያድሉ መንደሮች ብዙ ናቸው። እኔ የነበርኩበት ግን ሻማ ነበር። አንዲት ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ነፋስ ፋኖሷን አጠፋባት። አላለቀሰችም። ቆመች። ከኋላዋ የሚመጣው ልጅ ዱላውን ዝቅ አደረገላት፤ አባትየው ከአንዱ ሻማ ወደ ሌላው እሳቱን አሻገረ፤ ወረቀቱ ጫፉ ላይ ትንሽ ጠቆረ። ሰልፉ ጠበቃቸው። ከዚያ በጠባቡ መንገድ፣ በድንጋይ ቤቶቹ መካከል፣ ሁላችንም ተከትለን ወረድን። ለቡሄ ችቦ ይዞ የሮጠ ሰው ያን ሲያይ ባዕድ አይሰማውም።

ርችቱ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ነው የተተኮሰው። ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው። ከፓሪሱ ጋር አይወዳደርም። ግን ቅርብ ነው፤ ደረታችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ የተቃጠለ ወረቀት ፀጉራችሁ ላይ ያርፋል። ከንቲባው ሕዝቡ መሐል ቆሞ እንደ ሁሉም ሰው "ኦ!" ይላል። ካለቀ በኋላ ጭፈራ ነው፤ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ በአኮርዲዮን ቫልስ ይጨፍራሉ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወጣቶቹ ይረከባሉ። የማታውቁት ሰው እጃችሁን ይዞ ቢጎትታችሁ አትደንግጡ። ሰው ተያይዞ በአደባባዩ የሚዞርበት ጭፈራ አላቸው፤ እግር ማወቅ አያስፈልገውም።

13 ወይስ 14? እዚህ ጋ ነው የሚሳሳቱት

በብዙ መንደሮች ዋናው ማታ 14 አይደለም፣ 13 ነው። በማግስቱ ሥራ የለም፣ ሰው ያመሻል። ፋኖሱ፣ እራቱ፣ ርችቱ፣ ጭፈራው በዋዜማው ያልቃል። 14 ጠዋት ሐውልቱ ጋ ያለው ሥነ ሥርዓትና የክብር መጠጡ ብቻ ይቀራሉ። ሌላው መንደር ደግሞ ሁሉንም 14 ላይ ያደርጋል። ጎረቤታሞቹ መንደሮች እንዳይሻሙ ርችቱን በተለያየ ማታ የሚያደርጉበት አካባቢም አለ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ዓመት ይህን አላውቅም ነበር። 14 ማታ 2 ሰዓት ላይ ደረስኩ። አደባባዩ ተጠርጓል። አግዳሚዎቹ ተደርድረው ግድግዳ ተደግፈዋል። አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን ይዘው ያልፉ ነበር፤ "ትናንት ነበር እኮ" አሉኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ለዚያች ማታ ስል ከፓሪስ ሦስት ሰዓት ተጉዤ ነበር።

ስለዚህ የኮሚዩኑን የበዓል ፕሮግራም ሳታዩ ማደሪያ አትያዙ። ከጁን አጋማሽ በኋላ ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ ትምባሆና ጋዜጣ የሚሸጠው ቡና ቤት መስኮት ላይ፣ የሜሪው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከሩቅ ከሆናችሁ የሜሪውን ድረ ገጽ፣ ወይም ብዙ ኮሚዩኖች ማስታወቂያ የሚለቁበትን ፓኖፖኬት (PanneauPocket) የሚባል የስልክ መተግበሪያ እዩ። በአጭሩ ኢሜይል ብትጽፉም ይመልሳሉ። ቀኑን፣ ርችት መኖሩንና የእራት ቲኬት የት እንደሚሸጥ ብቻ ጠይቁ።

ብልህ ተጓዥ 13 ማታ በአንዱ መንደር፣ 14 ማታ በሌላው ይውላል። መካከላቸው አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

የትኛው አካባቢ?

ፕሮቫንስ በፎቶ ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ የዛፍ ጥላ ያለበት አደባባይ፣ ፔታንክ የሚሉት የብረት ኳስ ውርወራ ውድድር፣ ሞቃት ማታ። ግን በዚያ በኩል ጁላይ የሰደድ እሳት ወር ነው። ድርቅ ሲጠነክር ርችቱ ይሰረዛል። በ2022 በርካታ ኮሚዩኖች በዚህ ምክንያት ሰርዘዋል። ለርችቱ ብላችሁ ብቻ ወደ ደቡብ አትውረዱ፤ እራቱና ጭፈራው ግን ይቀጥላል።

ብሬታኝ በምዕራብ ጫፍ ላይ ስለሆነ በጣም ዘግይቶ ይመሻል፤ ልጆች ርችቱን መጠበቅ ይከብዳቸዋል። በምትኩ ሙዚቃው ሌላ ነው። ፌስት ኖዝ የሚሉት ጭፈራ አለ፤ ሰው በትንሹ ጣት ተያይዞ ክብ ይሠራል። እስክስታ ያደገበት ሰው ትከሻው ዝም ቢልበትም እግሩ ቶሎ ይለምዳል።

ዶርዶኝ ላይ ርችቱን ወንዝ ዳር የሚተኩሱ አሉ፤ ውኃው ላይ እጥፍ ሆኖ ይታያል። አልዛስ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ ለሚመጡ ወገኖቻችን ቅርብ ነው፤ ከፍራንክፈርት ወይም ከባዝል በመኪና ደርሶ መመለስ ይቻላል። አልፕስ ላይ ማታው ይቀዘቅዛል፣ ጃኬት ያዙ። እኔ ቡርጎኝን የምመርጠው ከፓሪስ ስለማይርቅና ቱሪስቱ ከፕሮቫንስ ያነሰ ስለሆነ ነው። ቱሪስት በበዛበት መንደር ጠረጴዛው ላይ የሚገናኘው ቱሪስት ከቱሪስት ነው። መንደር ስትመርጡ ውበቷን ብቻ አትዩ። "ትምህርት ቤት አላት? ዳቦ ቤት አላት?" ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ ካሉ በብርዱ ወራትም ሰው ይኖርባታል ማለት ነው። በዓሉንም የሚያደርገው ያ ሰው ነው።

የእራቱ ነገር

ይህን ክፍል ለእኛ ሰው ብዬ ነው በደንብ የምጽፈው። የመንደር እራት አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ምግብ ቤት አይመረጥም። ስለዚህ ቲኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደሚቀርብ እዩ። ባሕር ዳርቻ አካባቢ ሙል ፍሪት ይበዛል፤ ጥቁር ቅርፊት ያለው የባሕር ምግብ ከድንች ጥብስ ጋር። ፓኤያ በትልቅ መጥበሻ ይሠራል፤ እሱም ዶሮና የባሕር ምግብ የተቀላቀለበት ሩዝ ነው። "ዣምቦን አ ላ ብሮሽ" ካለ አሳማ ነው። "ሜሽዊ" ካለ ግን ሙሉ በግ በእሳት የተጠበሰ ነው፤ አገር ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። አሳማ የማትበሉ "ሳን ፖር" በሉ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። ሙስሊም ወገኖች ሥጋው ሐላል ነው ብለው እንዳያስቡ፤ ድንች ጥብሱ፣ ሰላጣውና አይቡ ግን ብዙ ጊዜ አለ።

ለጿሚም የቀኑ አዋዋል ይወስናል። በ2026 በዓሉ ማክሰኞ ነው። በ2027 ረቡዕ ስለሚውል የ13ቱን እራት የሚያደርግ መንደር መምረጥ ይሻላል።

ዋጋው እኔ በከፈልኩባቸው መንደሮች ከ15 እስከ 25 ዩሮ ነበር። ቲኬቱ ከበዓሉ ብዙ ቀን በፊት ያልቃል ወይም ይዘጋል፤ ድስቱ የሚጣደው በተሸጠው ልክ ነዋ። ማስታወቂያው ሥር "አፖርቴ ቮ ኩቬር" ከተባለ ሹካ፣ ቢላ፣ ሳህንና ብርጭቆ ከቤት ይዛችሁ ኑ ማለት ነው። ባዶ እጃችሁን ብትሄዱ ጎረቤት ያካፍላችኋል፤ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘብም በጥሬው ያዙ፤ ቡቬቱ ካርድ ላይቀበል ይችላል።

መድረስና ማደር

የመንደር ትልቁ ችግር ይህ ነው። በበዓል ቀን የገጠር አውቶቡስ ብዙ ቦታ አይሠራም፤ ባቡሩም በእሁድ ፕሮግራም ነው የሚሄደው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ታክሲ አታገኙም። መኪና መከራየት ካሰባችሁ በዋዜማው፣ በ13 ሳይመሽ ተረከቡ፤ በበዓሉ ዕለት የብዙ ትናንሽ ከተሞች ኪራይ ቤቶች ዝግ ናቸው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ ትርጉም ያስፈልጋል። የአልኮል ገደቡ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ አዲስ አሽከርካሪ ከሆነ 0.2። በበዓል ማታ ፖሊስ መንገድ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በእግር ተመልሳችሁ የምትተኙበት ቦታ ያዙ። እኔ የማልደራደርበት ነገር ይህ ነው።

ማደሪያ ሦስት ዓይነት አለ። ዢት የሚባለው ሙሉ ቤት ነው፤ ለቤተሰብ ደስ ይላል፣ ግን በጁላይ የሚከራየው ብዙ ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። ካምፒንግ ርካሽ ነው፤ ኮሚዩኑ ራሱ የሚያስተዳድራቸው አሉ። ሦስተኛው ሻምብር ዶት ነው፤ በሰው ቤት ውስጥ ያለ የእንግዳ ክፍል፣ ከቁርስ ጋር። ለአንድና ለሁለት ሌሊት ለሚመጣ ተጓዥ ከሁሉም ይህ ይሻላል። ምክንያቱ አልጋው አይደለም፤ የቤቱ እመቤት ናት። የእራት ቲኬቱን ትገዛላችኋለች፣ ሹካና ሳህን ታውሳችኋለች፣ አደባባዩ ላይም ከጎኗ ታስቀምጣችኋለች።

በ2026 በዓሉ ማክሰኞ ስለሆነ ብዙ ሰው ሰኞንም ያርፋል። "ድልድይ ሠራን" ይላሉ፤ ከእሁድ ወደ ማክሰኞ ተሻገርን እንደማለት ነው። እንዲህ ባለ ዓመት ባቡሩም ቤቱም ቶሎ ይሞላል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻውን ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይችላል። የመጨረሻው ቀን ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው፤ ግን በበጋ እስከዚያ መጠበቅ አይመከርም። ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነ ዘመዳችሁ የተቀባይነት ማረጋገጫ ወረቀት የሚያወጣው ከዚያው ከመንደሩ ወይም ከከተማው ሜሪ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም።

ቋንቋው አያስፈራችሁ። ለገሃር የምንለው ሰፈር ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር"፣ ከባቡር ጣቢያ ነው። ሹፌርና ጋራዥም የእነሱ ናቸው። አንዱን ነገር ግን አትርሱ፦ ወደ ማንም ስትጠጉ ቅድሚያ "ቦንዡር"፣ ሲመሽ "ቦንስዋር"። ሳትሉ ጥያቄ ከጀመራችሁ ፊታቸው ይዘጋል። ካላችሁ በኋላ እጃችሁም ቢናገር ይረዷችኋል። እኛም ሰላምታ ሳናደርስ ጉዳይ አንጀምርም።

ለማን የትኛው?

ፈረንሳይን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ፣ ሦስት ቀን ብቻ ያላችሁና መኪና የማትነዱ ከሆነ ፓሪስ ቅሩ፤ ጠዋት ሰልፉን፣ ማታ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ጭፈራ ያዙ። አረጋዊ እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ መንደር፤ አግዳሚ አለ፣ መጸዳጃ ቤት ቅርብ ነው፣ ሽማግሌ ይከበራል። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁም መንደር፣ ፋኖሱ ለእነሱ ነው። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ሻምብር ዶት አርፋ ከቤቱ እመቤት ጋር ብትወጣ ይመቻታል። ፎቶ አንሺ ካርካሶን ይሂድ። ሳምንት ያለው ሰው 13ን መንደር ውሎ 14 ጠዋት በባቡር ፓሪስ ሊገባ ይችላል፤ ሰልፉን አይደርስበትም፣ የማታውን ርችት ግን ያገኛል። ሁለቱን አወዳድሮ ራሱ ይፍረድ።

በዓሉ ባለቀ ማግስት ደግሞ ቶሎ አትሂዱ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አደባባዩ ላይ አግዳሚ የሚያጥፉ ሰዎች ታገኛላችሁ፤ እንቅልፍ አልጠገቡም፣ እጃቸው ግን ይሠራል። "ቦንዡር" በሉና አንዱን ጫፍ ያዙ። እኔ የያዝኩ ቀን መጋዘኑ በር ላይ በቴርሞስ ቡና ተቀዳልኝ፣ ከማታው የተረፈ ዳቦና አይብ ቀረበ፣ አንዱ ሽማግሌም አግዳሚው ላይ ያለውን የመንደሩን ስም በጣታቸው እያሳዩ ፊደል በፊደል አስነበቡኝ።